ድመቷ ያልወጣችበት ሶፋ

አማቴ እኛ ቤት የገቡት በሁለት ሻንጣና በአንዲት ድመት ነው። በሻንጣዎቹ ቅሬታ አልነበረኝም። እኔ ግን ሶፋ አልባሽ ነኝ፤ የሰው አሮጌ ወንበር ገፍፌ፣ ስፖንጁን ቀይሬ፣ አዲስ ጨርቅ አልብሼ የምበላ ሰው። እንደኔ ላለ ሰው ድመት ቤቱ ማስገባት ለወረቀት ነጋዴ ክብሪት እንደ መስጠት ነው። ይህንኑ ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። አስተማሪ ስለሆነች በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ስጨርስ እናቷን ልትቀበል ወጣች።

አማቴ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ሲተኩሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሲበዛ ዝምተኛ ናቸው። ይኖሩበት የነበረው የኪራይ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል እንኳ አንድ ቃል ሳይናገሩ አንሶላዎቻቸውን አጣጥፈው ተነሱ። እኛ ቤት ከመጡ ወዲህም ምግቡ ጨው በዛበት፣ ክፍሉ በረደኝ፣ የመዶሻህ ድምፅ ራሴን አመመኝ ብለው አያውቁም። የሚያወሩት ከድመቷ ጋር ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቤታችን ፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው በር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ድመቷ ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ግራጫ ናት፤ ደረቷ ነጭ፣ አረማመዷ የተረጋጋ። እኔ "ተቆጣጣሪዋ" አልኳት። አንድ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ዘላ ትወጣበትና ጠርዝ ጠርዙን አሽትታ፣ ስፌቱን በመዳፏ ነካ ነካ አድርጋ፣ መሀሉ ላይ ሦስቴ ዞራ ትተኛለች። ስትነሳ ደግሞ ጥፍሮቿን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትንጠራራለች። ከዚያ ወርዳ ወደ ማዕድ ቤት ታመራለች፤ ባንኮኒው ላይ ትወጣና ሽንኩርት የምንከትፍበት ጣውላ ላይ ዘና ብላ ትቀመጣለች።

ያልሞከርኩት የለም። ጮህኩ፣ አጨበጨብኩ። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሬ አንኳኳሁባት። በውሃ መርጫ አባረርኳት። አንድ ቀን ጫማ ብወረውር ድመቷን ስቼ የባለቤቴን የስኳር ዕቃ አገኘሁት። ከስድስት ወር ትግል በኋላ ተቆጣጣሪዋ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ ካለሁ አለመውጣት። ጀርባዬን ካዞርኩ ዙፋኗ ላይ ናት። ደንበኛ ፊት ቆሜ የድመት ፀጉር በብሩሽ እየለቀምኩ የሳቅኩትን የውሸት ሳቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሰባተኛው ወር ፎቶግራፍ አንሺው መጣ። ሰፈራችን ውስጥ ስቱዲዮ ያለው፣ ትንሽ ነገር የማታመልጠው፣ ዓይኑ የሰላ ሰውዬ ነው። ሰዎች ተቀምጠው ፎቶ የሚነሱበት ረጅም ሶፋ አለው፤ እሱን አልብስልኝ ብሎ ጨርቁን ራሱ ይዞ መጣ። ጨርቁ አረንጓዴ ከፋይ ነበር። ያ ፀጉራሙ ጨርቅ፣ በእጅ ወዲያ ሲሉት የሚጠቁረው፣ ወዲህ ሲሉት የሚያበራው። ከፈረሰ ቲያትር ቤት መጋረጃ የተረፈ ነው አለኝ። እንደሱ ያለ ሌላ ቦታ አይገኝም፤ መጠኑም ለሶፋው ልክ በልክ ነበር፣ አንድ ስንዝር ትርፍ የለውም። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ ጨርቅ እጄ ገብቶ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ ድመቷ ላይ አረፈ። እሷም ጥቅሉን እያየች ነበር።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ተናገርኩ። ፎቶግራፍ አንሺው ሶፋውን በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ከዚህ ከፋይ ላይ አንዲት ክር ከተመዘዘች ድመቷ ከዚህ ቤት ትወጣለች አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ሹካዋን አስቀመጠች። አማቴ ግን ጎርሰው የነበረውን ቀስ ብለው ጨረሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«እሺ» አሉ። «እሷ ከወጣች እኔም እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ሦስት ቀን ስጠኝ።»

እህታቸው ያሉት በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ባለቤቴ ያን ማታ አላናገረችኝም። እናቷን ለማምጣት ስንት ዓመት እንደለመነች አውቃለሁ፤ ግን ቃል አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ እኔም የምመልስ ሰው አልነበርኩም።

ሦስቱ ቀን ለድመቷ ማስተማሪያ መስሎኝ ነበር። አማቴ ግን ምንም አላስተማሯትም። ከሱቁ ባዶ የማስቲሽ ጣሳ ወሰዱ፤ ያ ሙጫ የሚመጣበት ትልቁ ጣሳ ነው። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አጣጥፈው የያዟትን ፎጣ ከላይ ጣል አደረጉበትና ተቀመጡ። ከባለቤቴ የተማሪ ደብተር ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ድመቷን ያዩ ጀመር። አያባርሯትም፣ አይጠሯትም። ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ድመቷ ክፍል ስትቀይር ጣሳቸውን ይዘው ይከተላሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይሥራ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ያን ደብተር እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ፀሐይ እዚያ ላይ ናት።" "አምስት ሰዓት ተኩል፤ ፀሐይ ዞረች፣ እሷም ዞረች፤ ሶፋ።" "ስድስት ሰዓት፤ ባንኮኒ፤ የዓሣ ሽታ። ጣውላው አልታጠበም።" "ተነሳች፤ ወዲያው ቧጨረች። ሁልጊዜ ከእንቅልፍ ስትነሳ ነው።" "አማች ጮኸ። ወረደች። አማች ወጣ። ወጣች።" የመጨረሻዋ ሦስት ጊዜ ተጽፋለች።

«ክፉ አይደለችም» አሉኝ። «ከፍ ያለ ቦታ ትወዳለች፣ ሙቀት ትወዳለች። እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ ይኼ ያንቺ ነው የተባለችው ቦታ የለም። ስለዚህ እየዞረች ትፈልጋለች።»

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ገቡ። ባንኮኒው በሙቅ ውሃና በትንሽ አቼቶ እንዲታጠብ፣ ቁራሽ ነገር እንዳያድርበት አደረጉ። ከኔ ዕቃ ሳጥን ባለ ሁለት ፊቱን ፕላስተር ጠየቁኝ፤ ጨርቅ ከመስፋቴ በፊት ጠርዙን የማጣብቅበት ነው። እሱን ካርቶን ላይ ለጥፈው ካርቶኑን የባንኮኒው ጠርዝ ላይ ደረደሩ። ድመት መዳፏ ሲጣበቅ አትወድም። የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ሥራ በማልሠራበት ሰዓት በፎይል ሸፈኑት፤ ተቆጣጣሪዋ አንዴ ዘለለችበት፣ ሲንኮሻኮሽ ደንግጣ ወረደች፣ እንደገና አልሞከረችም። የብርቱካን ልጣጭ በአሮጌ ሰሃን እያደረጉ ሶፋዎቹ እግር ሥር አኖሩ፤ በየሁለት ቀኑ ይቀይሩታል፣ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል እያሉ። እኔ በርበሬ ብንነሰንስስ አልኩ። ዓይኗ ውስጥ ቢገባስ ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም።

የከለከሏትን ያህል ደግሞ ሰጧት። ፀሐይ ቶሎ የሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ከኔ ቁመት ከፍ ብሎ፣ ከተጣለ ጣውላ መደርደሪያ አስመቱኝ። ላዩ ላይ የሆቴሉን አሮጌ ፎጣ አነጠፉ። ከሥሩ አንድ እንጨት በቃጫ ገመድ ጠምጥመው አቆሙ፤ ስትነሳ እዚያ ላይ እንድትቧጥጥ። አንድ አራት ጊዜ እሳቸው ራሳቸው በጥፍራቸው ገመዱን እየቧጠጡ አሳዩዋት። የስልሳ ስምንት ዓመት አማቴ ተንበርክከው እንጨት ሲቧጥጡ የገባው ፖስተኛ ደብዳቤውን አስቀምጦ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ወጣ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባንኮኒውና ከሶፋዎቹ ላይ የድመት ፀጉር ጠፋ። ማመን አቃተኝና አንድ ቀን ሆን ብዬ ባንኮኒው ላይ ዓሣ ትቼ በር ሥር ተደብቄ አየሁ። ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀና ብላ ባንኮኒውን አየች፣ ረጅም ጊዜ አሰበችበት። ከዚያ ተነስታ ወደ መደርደሪያዋ ሄደች። ስድስት ወር ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼ ያላገኘሁትን አንዲት አሮጊት በልጣጭና በካርቶን አገኙት። ወድጄ አይደለም ያደነቅኳቸው። ግን ሥራ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሥራ ሳይ ደግሞ ኮፍያዬን አወልቃለሁ።

ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። እዚያ ላይ ነው ችግሬ።

ሶፋው ሐሙስ ጠዋት አለቀ። ከፋዩን ሳለብስ አራት ቀን ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት፤ ሲያልቅ አረንጓዴው እንደ ውሃ ይንቀሳቀስ ነበር። የቀረው እግሮቹ ብቻ ነበሩ። እግሮቹን የሚያወጣልኝ እንጨት ጠራቢ ደግሞ መጥተህ ውሰድ ብሎ ደወለ። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ናት፣ አማቴ ዓይናቸውን ሊታዩ ክሊኒክ ሄደዋል። ቤት ውስጥ የሚቀሩት ሶፋውና ድመቷ ብቻ ናቸው። አማቴ ሶፋውን በአንሶላ ሸፍነውት ነው የሄዱት፤ ግን አንሶላው ከቀኝ ክንዱ ላይ ይንሸራተታል። ልቤ አልቆረጠም። ሳጥኔን ከፍቼ ባለ ሁለት ፊቱን ፕላስተር አወጣሁና ሁለት ቁራጭ በቀጥታ ክንዱ ላይ ለጠፍኩ።

አማቴ ፕላስተሩን ሲቀበሉኝ ጨርቅ ላይ አይሆንም፣ በተለይ ፀጉር ያለው ላይ እንዳታስጠጋው ብለውኝ ነበር። የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነው። ሶፋ አልባሹ እኔ፣ ስለ ጨርቅ የሚነገረው ለኔ። ደግሞም ለአንድ ሰዓት ነው ብዬ ነው፤ ቆዳ ላይም ተልባ ጨርቅ ላይም አድርጌው ንጹሕ ሆኖ ተነስቷል። ጠራቢው ግን ከአራቱ እግር አንዱን አሳጥሮት ኖሮ እንደገና እስኪሠራው ሦስት ሰዓት ቆየሁ።

ስመለስ ፀሐይ በሱቁ መስኮት ገብታ የሶፋው ቀኝ ክንድ ላይ ተዘርግታለች። ተቆጣጣሪዋ መደርደሪያዋ ላይ ተኝታለች፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። ፕላስተሩን ስቤ ሳነሳው ሙጫው ከፀሐዩ ቀልጦ ፀጉሩ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጠባሳ ቀረ፤ ፀጉሩ ተጣብቆ የተኛበት፣ ነጣ ያለ፣ የሚጣበቅ። እዚያ ላይ ብተወው ምናለ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ፍቄ አነሳዋለሁ ብዬ ፋቅኩት። ስፍቀው ፀጉሩ ተነጨ፤ ጭራሽ የተቧጠጠ መሰለ።

በዚያው ቅጽበት ባለቤቴ ለምሳ ገባች። ክንዱን አየች፣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች።

«ድመቷ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አፌን ከፈትኩ። አይደለም፣ እኔ ነኝ ልል ነበር፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ከኋላዋ በሩ ተከፈተና አማቴ ከክሊኒክ ገቡ፣ እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሰው ሙያዬ ብሎ በሚኮራበት ነገር፣ ለዚያውም ተነግሮት ሲሳሳት እንዲህ ያደርገዋል። ባለቤቴ የሆነውን ነገረቻቸው፤ የነገረቻቸው እንደመሰላት ነው፣ እኔም እንደመሰላት ተውኳት።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ጠባሳውን አዩ። በአንድ ጣት ነኩት፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ቀጥሎ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። እኔም ተከትዬ አየሁት። አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር አረንጓዴ ፀጉር ተሰግስጓል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ቃል ቃል ነው» አሉ አማቴ ለልጃቸው። «ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አሁን አንቺ ልጆቹ ይጠብቁሻል፣ ሂጂ።»

ባለቤቴ ምሳ ሳትበላ ተመልሳ ሄደች። እንደወጣች አማቴ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ወደኔ ዞሩ። ከማቀዝቀዣው በረዶ አምጣ አሉኝ፤ ቀጥሎ ንጹሕ አልኮል፣ ነጭ ጨርቅ፣ ካውያ፣ ለስላሳ ብሩሽ። ሁሉንም አመጣሁ። በረዶውን ሳቀብላቸው ዓይናቸውን ሸሸሁ። የድመት ጭረት በበረዶ እንደማይታከም ለማወቅ ልብስ ተኳሽ መሆን አያስፈልግም።

ያን ከሰዓት ያየሁትን ሥራ መቼም አልረሳውም። ጣሳቸውን አስጠግተው ተቀመጡና በረዶውን በላስቲክ አድርገው ሙጫው ላይ ያዙት። ሙጫው ሲደርቅና ሲሰባበር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አነሱት፤ ፀጉሩን ሳይነኩ፣ ፍርፋሪውን ብቻ። የቀረውን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ አስለቀቁት። አንድም ጊዜ አላሹትም። ሆቴል እያሉ ሙሽራ ከፋይ ካባዋ ላይ ሻማ ሲፈስባት፣ ዘፋኝ ማስቲካ ላይ ስትቀመጥ ለሳቸው ነበር የሚሰጠው፤ ይህን የነገሩኝ እኔ ጠይቄያቸው ነው፣ በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጨረሻ ላይ እኔን ካውያ አስያዙኝ። እርጥብ ጨርቅ ከጠባሳው በላይ አየር ላይ ዘረጉና ካውያውን ጨርቁ ላይ አስጠጋ፣ ከፋዩን ግን እንዳታስነካ አሉኝ። ከፋይ አይተኮስም፣ እንፋሎት ነው የሚጠጣው አሉ። እንፋሎቱ ሲወርድ በብሩሹ ፀጉሩን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ያነሱት ነበር፤ የልጅ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው በቀስታ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክንዱን ከግራ አየሁት፣ ከቀኝ አየሁት፣ ተንበርክኬ አየሁት። ጠባሳው የለም። እኔ የነጨሁት ቦታ ብቻ የጥፍር ጫፍ አክላ ሳሳ ብላ ቀርታለች፤ እሷንም የማውቃት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አማቴ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፣ ዕቃውን በየቦታው መለሱ፣ ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ገቡ።

እጄን አጣጥፌ ሱቅ ውስጥ ቆምኩ። ከውስጥ አንሶላ የማጠፍ ድምፅ ይሰማል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሥራዬን አተረፉልኝ፤ አሁን ደግሞ እኔ ባጠፋሁት እሳቸው ሊሄዱ ነው። ድመቷ ከመደርደሪያዋ ወርዳ በአጠገቤ አለፈችና ተከትላቸው ገባች። ወደ ሶፋው ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱም ሻንጣዎች በር አጠገብ ቆመዋል። አማቴ አንዱ ላይ ተቀምጠው ለድመቷ በካርቶን ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ እየበሱ ነው። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«የዛሬው የድመቷ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ፕላስተር ለጥፌበት ሄድኩ። በጥፍሬ የነጨሁትም እኔ ነኝ። አንቺ ድመቷ ናት ስትዪ ዝም አልኩ።»

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተማሪዎቿን እንደዚያ የምታያቸው ከሆነ አዝንላቸዋለሁ።

«እማዬ ሻንጣ ስታዘጋጅ ቆመህ አየህ?» አለችኝ።

አየሁ አልኩ። ወደ አማቴ ዞርኩና አውቀው እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«የድመት ጥፍር ሙጫ አያስቀርም» አሉ፣ ከካርቶኑ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም፣ እማማ?»

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«ተናግሬ ማንን ላስወጣ? እኔና ድመቷ እህቴ ጋ መሄጃ አለን። አንተ ከሚስትህ ፊት፣ ከገዛ ቤትህ፣ ወዴት ትሄዳለህ?»

አንገቴን ደፋሁ። ስደፋ ዓይኔ የተቀመጡባት ሻንጣ ላይ አረፈ። ከሻንጣዋ ወደ ሱቁ ተመለከትኩ። በዚያን ቀን ሱቄ ውስጥ አሥራ አንድ መቀመጫ ነበር፤ ሁሉም የሰው። ማዕድ ቤታችን ውስጥ ሁለት ደህና ወንበር አለ፣ የኔና የባለቤቴ፤ ሦስተኛውን ነገ እጠግነዋለሁ እያልኩ ሰባት ወር ሆኖታል። እና አማቴ እራት በቀረበ ቁጥር ከሱቁ ያቺን የማስቲሽ ጣሳ ተሸክመው መጥተው፣ ፎጣቸውን አንጥፈው፣ ከጠረጴዛው በታች ዝቅ ብለው በልተው፣ ጣሳዋን ይመልሱ ነበር። ድመቷ ምን ላይ እንደምትቀመጥ በየሰዓቱ አውቅ ነበር። እሳቸው ምን ላይ እንደሚቀመጡ ልብ ብዬ አላውቅም። ወንበር ሠሪ ነኝ ብዬ የምኖር ሰው።

ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ድምፄ ከፍ አላለም። ሻንጣዎቹን እኔ ራሴ ወደ ውስጥ መለስኳቸው። አማቴ አልተቃወሙም፣ እሺም አላሉም፤ ቀዳዳ የበሱበትን ካርቶን ለድመቷ መጫወቻ ሰጧትና እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ባለቤቴ እስከ ቅዳሜ ድረስ ከእሺና ከእንቢ በቀር አልመለሰችልኝም፤ ይገባኛል።

ቅዳሜ ፎቶግራፍ አንሺው መጣ። ከፋዩን ከዳር እስከ ዳር በእጁ ደባበሰ፤ ቀኝ ክንዱ ላይ ደረሰ። አለፈው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና ያቺን የሳሳች ቦታ በጣቱ ነካት። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ማን እንዳበላሸው፣ ማን እንዳዳነው። ሰውዬው አማቴን አስጠርቶ በአክብሮት እጃቸውን ጨበጠ፣ ቲያትር ቤቱ መጋረጃ የሚያበጥር እንደሳቸው ያለ ሰው ቢኖረው ኖሮ ይኼ ጨርቅ አዲስ እንደሆነ ይቀር ነበር አላቸው። እሳቸው ብሩሹን ስጦታ አድርገው ሰጡት፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብለው አሳዩት።

እሱ እንደሄደ ሥራ ጀመርኩ። ማንም ያላዘዘው ሥራ ነው። ከጥድ እንጨት አንድ ባለ ክንድ ወንበር አወጣሁ፤ ጀርባው ቀና ያለ፣ ወገብ የሚደግፍ። ስፖንጁን ለዋና ደንበኛ ከማስቀምጠው ቆረጥኩ። ጨርቁን ስመርጥ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥፍር የማይገባበት መሆን አለበት፤ ይህን ከደብተሩ ነው የተማርኩት። ቀለሙን ግራጫ አደረግኩት። የድመቷን ቀለም ከሱቁ ናሙናዎች ጋር እያስተያየሁ፣ እሷን አንድ ሰዓት አቅፌ ነው ያገኘሁት። ተቆጣጣሪዋ በቁጥጥር ሥር ስትውል ደስ አላላትም፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀላል መሆኗን አላውቅም ነበር።

ወንበሩን በመስኮቱ በኩል፣ ከመደርደሪያዋ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አኖርኩት። በእግሩ ሥር ልጣጭ አላስቀመጥኩም። ፎይል የለም፣ አንሶላ የለም። የማስቲሽ ጣሳዋን ወስጄ ሚስማር ሞላሁባት፤ እንደገና መቀመጫ እንዳትሆን።

ባለቤቴ እናቷን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። አማቴ ወንበሩን አዩት፣ ዙሪያውን ዞሩ፣ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ ተቀመጡ። ድመቷ ከላይ አንገቷን አውጥታ ታያቸዋለች። አማቴ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፣ ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ፤ ክንዶቹን በሁለት መዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ስፖንጁ ጠንክሯል» አሉኝ። «እግሩም ትንሽ ከፍ ብሏል፤ መሬቱን በደንብ አልረግጥም።»

ባለቤቴ ደንግጣ አየችኝ። እኔ ግን መጋዜን ላመጣ ስገባ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። ሰባት ወር ሙሉ እኛ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ነገር እንኳ አማርረው አያውቁም ነበር።